ማን ይፍረድ?

«ሱሪው ነው፣ አይደል?» አልኩት።

ሣህለማርያም የወታደር ሻንጣውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ለመሸኛህ ቀን ልበሰው ብለህ ያመጣኸውን ሱሪ ቁርጭምጭሚትህ እስኪታይ አሳጥሬብህ፣ የኮንዶሚኒየማችን ብሎክ በሙሉ ‘ጎርፍ ልትሻገር ነው ወይ?’ እያለ የሳቀብህን ነው የያዝክብኝ። ለሱ እኮ ይቅርታ ብዬሃለሁ።»

ጎርፍ ስል ፊቱ ተለወጠ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጭራሽ ሱሪው ነው ብዬ ደመደምኩ።

«አይደለም ጋሽ እንድሪስ።»

«ታዲያ ምን አድርጌህ ነው? ‘እንዴት ነህ የኔ ልጅ?’ ብልህ ‘ሁኔታዬ መልካም ነው’ አልከኝ። ‘እንኳን አላህ ለአገርህ አበቃህ’ ብልህ ‘ተቀብያለሁ’ አልከኝ። ምን አቀበልኩህ? ክር አቀበልኩህ? መርፌ አቀበልኩህ? ሰው ሲመረቅ አሜን ነው የሚባለው። ማንጠግቦሽ እንደዚህ አድርጋ አላሳደገችህም፤ ጎረቤት ሆኜ አይቻለሁ።»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከግራ ጆሮው ሥር በጣቱ አሳየኝ። ቆዳው ውስጥ ምስር የምታክል ነገር ተቀብራለች።

«እሷ ናት» አለ። «ሱሪውን ከረሳሁት ቆየሁ።»

በደንቡ ስሟ «የገለልተኝነት አጋዥ» ነው። እኛ ኮምቦልቻዎች ጉትቻ እንላታለን። አያቶቻችን ወንድ ልጅ ጉትቻ ካደረገ ከቤት ያባርሩት ነበር አሉ። አሁን ወታደር የሆነ ሁሉ አድርጓል፣ አባትም የሚቆጣው ሳይሆን የሚመርቀው ልጅ ሆኗል፤ ልጁ አሜን ባይልም።

ጉትቻ የምትሰማው የተሸከማትን ሰው አፍ ብቻ ነው። ወታደሩ የፈጣሪን ስም ሲጠራ «ጢጥ» ትላለች። ስለ አለቃው ወይም ስለ ትእዛዝ ቅር ያለው ነገር ሲያመልጠውም «ጢጥ» ነው፤ ጸሎትንና ማጉረምረምን በአንድ ድምፅ ነው የምትቀጣው። ከደጋገመው ለበላይ ይደርሳል። ስምሪት ላይ ከሆነ ደግሞ የሬዲዮ መስመሩ ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋበታል፤ «የእርማት ጊዜ» ይባላል። አንድ ቃል ብቻ ተፈቅዳለች፤ «ጌታዬ»። ለአለቃ ሲሆን ጉትቻዋ ዝም ትላለች። የትኛው ጌታ እንደሆነ በአነጋገሩ ትለያለች ይላሉ። እኔ እንኳ አልለየውም።

ስለዚህ ልጆቹ ፈቃድ ሲመጡ አዲስ አማርኛ ይዘው መጡ። «እንዴት አደርክ?» ሲባሉ «ሁኔታዬ መልካም ነው»። ሲመረቁ «ተቀብያለሁ»፣ እንደ ሬዲዮ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ሰማሁህ» ይለዋል። «ይማርህ» ላይ ማሽኑ ራሱ ግራ ይገባዋል አሉ፤ የሚምረው ማን እንደሆነ ቃሉ ውስጥ የለማ። ግራ ሲገባው ግን አይተወውም፣ ለሰው ይመራዋል። ሰው ደግሞ ከማሽን የባሰ ነው።

መጀመሪያ ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ለመደ። «ለወታደር ብቻ ነው እኮ፣ እኛን ምን አገባን?» ተባለ። ቀጥሎ ስማቸው መቆረጥ ጀመረ። ገብረሥላሴ የነበረው ገብሬ ተባለና ጠመንጃ እንደያዘ ገበሬ ሆነ። ሣህለማርያም ሣህል ሆኖ ቀረ። ይኸ ሁሉ ሲሆን እናቶቻቸው ቀሪውን ግማሽ እቤት አስቀምጠው ይጠብቁታል።

የማይስቅ ሰው ቢኖር የጎረቤታችን የከድጃ ልጅ ሙህዬ ነው። ሙህዬ ጥፋት ተገኝቶበት ጸጥታ ምድብ ተልኮ ነበር። ጸጥታ ሲባል እኔ ሰላም ማስከበር መስሎኝ «እሰይ» ብዬ ነበር። ለካ ቃል በቃል ነው። ምንም ዓይነት ንግግር የማይፈቀድበት ምድብ ነው፤ ያቺ ምስር «አቤት»ንም «ውሃ»ንም እኩል ነው የምታየው። ከዚያ ከወጣ ቆይቷል። ጉትቻዋም ወጥታለታለች፤ ጠባሳው ብቻ ነው ያለው። ተናገር እንጂ አትናገር ያለው የለም። ቁልፍ ሊያስተክል ሲመጣ ግን ሸሚዙን ያስቀምጥና የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ በጣቱ ይመታል። አንዴ ከመታ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታ አይደለም። እናቱ ከኩሽና ስትጠራው ግድግዳውን ነው የሚያንኳኳላት።

ሣህለማርያምን በካውያ የምተኩስበት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከመቀመጡ በፊት አቅፎኝ ነበር። ሰው ሲያቅፈኝ ያስታውቀኛል፤ ለፈቃድ የመጣ ልጅ እቅፍ አልነበረም።

«ጅብሪል ሞተ» አለኝ።

ጅብሪል የባቲ ልጅ፣ የምድብ ጓደኛው ነው። ባለፈው ረመዳን አብረው መጥተው እኔ ቤት አፍጥረናል። ሣህለማርያም እኛ ስንጠብቅ አብሮን ጠብቆ፣ ቴምሩን ግን ከሁላችንም ቀድሞ አነሳ። ጅብሪል ሲያስቅ! «ኢል» የምትለው የስሙ ጭራ ፈጣሪን ትጠራለች ብለው ቆርጠውበት «ጅብር» ብለው መዘገቡት፣ ጓደኞቹ ደግሞ አሳጥረው አያ ጅቦ አሉት። «ጋሽ እንድሪስ» አለኝ ያን ቀን፣ «መልአክ ሆኜ ገብቼ ጅብ አድርገው አወጡኝ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። «በምን ሞተ?»

ሣህለማርያም ጀርባውን አቀና። «በጥበቃ ስምሪት ላይ እያለ በደረቁ ወንዝ ውስጥ የውሃ መጠን ጨመረ። ተሽከርካሪው ከአገልግሎት ውጪ ሆነ። ወታደሩ እገዛ ከመጠየቁ በፊት የተከለከለ ስያሜ ተጠቀመ። መስመሩ ለእርማት ጊዜ ተዘጋ።»

«በአማርኛ ንገረኝ እንጂ!»

«አልችልም ጋሼ።»

ያኔ ገባኝ። እኔ ሲቪል ነኝ። የኔ ጆሮ ሥር ያለው ላብና የክር ብናኝ ብቻ ነው።

«እሺ፣ እኔ ልበልልህ፤ አንተ ራስህን ነቅንቅ» አልኩት። «ደራሽ ጎርፍ መጣበት?»

ነቀነቀ።

«መኪናው ውስጥ እንዳለ?»

ነቀነቀ።

«አንተ ሬዲዮው ላይ ነበርክ። ጠራህ። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ግን ያንተ ስም አይደለም። ‘ያ አላህ’ አለ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ነቀነቀ።

«ሰው ሲሰምጥ ሌላ ምን ይላል?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ በረንዳ ላይ የነበረችው ድመት ተነስታ ሄደች። «ደገመው?»

ነቀነቀ።

«ከዚያ ዘጉት።»

«ከዚያ» አለ ሣህለማርያም፣ «ሬዲዮው ጸጥ አለ። ሪፖርቱም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ‘ሬዲዮው ጸጥ ስለነበር የእገዛ ጥያቄ አልደረሰም።’ ውሸት የለበትም ጋሼ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ አንድም ውሸት የለበትም። መስመሩ ሲከፈት የሚሰማው ውሃው ብቻ ነበር።»

የሆነ ነገር ሸተተኝ። የመምህር ፈንታሁንን ሱሪ ካውያው ሥር ረስቼው ጉልበቱ ላይ ጠቁሯል። አነሳሁትና አየሁት። እንደዚያ ዓይነት ንዴት በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። የምጮህበት ሰው ፈለግሁ፣ የለም። የዘጋው ሰው አይደለም፤ ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ደግሞ የሰመጠውን አያውቀውም። ያጠፋ የለም፣ የሞተ ግን አለ። ሱሪውን መሬት ላይ ወረወርኩት።

«ቀብሩስ?»

ቀብሩ የጦር ቀብር ነበር። ተሰለፉ። አንድ መኮንን «ተልዕኮውን ፈጽሟል» የሚል አነበበ። ሰላት አልተሰገደበትም፤ ከሰልፉ ውስጥ ያሉት ሙስሊሞች ከንፈራቸውን ዘግተው ቆሙ፣ አንዱ ብቻ ዚክር እንደሚቆጥር አውራ ጣቱን በጣቶቹ ላይ ያንሸራትት ነበር አለኝ። አፈሩ ሲወድቅ ሣህለማርያም አንድ ቃል ተናገረ።

«ምን አልክ?»

«ልደግመው እችላለሁ፤ ለሰው ተመርቷል፣ ገና አልተወሰነበትም» አለና፣ እንደ ሰው ስም ቀስ አድርጎ ተናገረው፤ «ይፍረድ።»

ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ጆሮው አዙረን ጠበቅን፤ እሱ የራሱን ማየት ባይችልም። ጉትቻዋ ዝም። ግራ ገብቷታል።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ማንጠግቦሽ ከአራተኛ ፎቅ ወረደች፤ አንዲት ሻምበል ይዛ። ሻምበል ሰብለ ትባላለች፤ ለሣህለማርያም ጠበቃ እንድትሆን የተመደበች ናት። ጥሩ ልጅ ነች። ወንበሩ ላይ ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ራሷ አንስታ ነው የተቀመጠችው።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «‘ይፍረድ’ የሚለው ቃል ውስጥ ፈራጁ የለም። ፈራጁ ፈጣሪ ነው ከተባለ፣ አስር አለቃ ሣህል የደንብ ልብስ ለብሶ ጸልዮአል፣ አለቆቹንም በዳዮች ብሏል። ሁለት ጥፋት ነው፤ ጸጥታ ምድብ ያስገባዋል። ነገሩን የሚያየው የጦር ጉባኤ ነው ከተባለ ግን አንድ ወታደር ለሚመለከተው አካል አቤት አለ ማለት ነው። አቤት ማለት መብቱ ነው።»

«አቤት ብሎ ምን ይደረግለታል?»

«አቤቱታው ይታወቅለታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይታወቃል» አለች፣ ደግማ። ከፊቷ እንዳየሁት እሷም አልጣማትም። «ጋሽ እንድሪስ፣ ጉባኤው ነገ እዚሁ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይቀመጣል። እርስዎ የቋንቋ ምስክር ሆነው ተጠርተዋል። ‘በእኛ አካባቢ ይፍረድ የሚባለው ለሸንጎ ነው’ ይበሉ። ሣህልም ‘አዎ’ ይላል። አለቀ።»

«እኔ? ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው?»

«ማሽኑ ነው የመረጠዎት። በብሎኩ ውስጥ ብዙ የሚያወራው ሰው ማን እንደሆነ አጥንቶ።»

«እሱስ አልተሳሳተም» አለች ማንጠግቦሽ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቀልድ አልለቅላትም ነበር። ዓይኗ ግን አብጧል። «እንድሪስ» አለችኝ፣ «የከድጃን ልጅ አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ከድጃ ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? ‘ከሞተ ልጅ ጋር እንኳ በህልም ይወራል’ አለችኝ። ‘የኔው ግን በህልሜም ያንኳኳል።’ የኔን ልጅ እንደዛ አድርገው አያምጡብኝ። አንዲት ቃል ነች። አንዲት ቃል ዋሽና ልጄን ስጠኝ። ስለት ተስዬ እኔ እክስልሃለሁ።»

«በኔ ውሸት አንቺ ስለት ልታገቢ?»

«አታላግጥ!»

«አላላገጥኩም ማንጤ። ሌላ የምለው አጣሁ።»

ሙህዬ ጠረጴዛዬን ሲመታ የሚሰማኝን የማውቀው እኔ ነኝ። ስለ አንድ ቃል ብሎ ልጅ መስጠት ለሚያወራ ሰው ቀላል ነው፤ ልጁ የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ‘ነገ ለሸንጎ ነው የሚባለው ብዬ ልውጣ፤ አላህ ውሸቴን ያውቀዋል፣ ምክንያቱንም ያውቀዋል።’

ሣህለማርያም ያሰብኩትን የሰማ ይመስል ከጥጉ ተናገረ። «የጅብሪል አባት ከባቲ ይመጣሉ። ‘ሬዲዮው ጸጥ ነበር’ ብለው ነው የነገሯቸው። ልጃቸው ሳይጣራ የሞተ ነው የመሰላቸው። እሳቸው ፊት ቆሜ የሚፈርዱት እነዚህ ናቸው ልበል እማዬ?»

«ጢጥ» አለ ጆሮው ሥር። «እነዚህ» ስላለ ነው።

ማንጠግቦሽ ልጇን በጥፊ ልትመታው እጇን አነሳች። ከዚያ በዚያው እጇ ጆሮውን ሸፈነችለት፤ እንደዛ ቆመው ቀሩ። ሻምበሏ ቀና ብላ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ባለቤቱ ያልወሰደው ካፖርት ስታጠና ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌር የሌለው ባጃጅ «መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብሎ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ አራገፈኝ። ባጃጅ መመረቅ ይችላል፤ ገርሞኝ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት መኮንኖች ተቀምጠዋል። የመሐለኛው ሰብሳቢ ነው። ፊቱ የተቀመጠው ሰሌዳ ላይ «ኮሎኔል ይርዳው ኃ.» ይላል። የአባቱ ስም «ኃ» ላይ ተቆርጧል፤ ቀሪው ምን እንደነበር አልጠፋኝም። የተረጋጋ፣ ጥሩ አነጋገር ያለው፣ ለምስክሮች ውሃ የሚያስቀዳ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ላይ ንዴቴን የት እንደማስቀምጠው አውቃለሁ።

ከኋላ ረድፍ የጅብሪል አባት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሽርጥ ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን ጠቅልለው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘዋል። ማንጠግቦሽ ስታያቸው ከፊት ለቤተሰብ ከተያዘላት ወንበር ተነሳችና ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ለሐዘናቸው።

የቀብሩ ድምፅ ተከፈተ። መጀመሪያ ነፋስ ነው። ከዚያ አካፋ። አፈር ሲወድቅ። ከዚያ የሣህለማርያም ድምፅ፤ «ይፍረድ።»

«አሜን» አለች ማንጠግቦሽ፣ ከኋላ።

ለልጇ እንደዚያ ስትለምን ያደረች ሴት! አምልጧት ነው። አንድ ሰው ይፍረድ ሲል ሰምታ ዝም ማለት አታውቅበትም። የጅብሪል አባትም ዝቅ ባለ ድምፅ «አሚን» አሉ። ኮሎኔሉ ቀና ብሎ አያቸው፤ ሲቪሎች ናቸው፣ ምን ያድርጋቸው።

«ይህ ደንብ የወጣው ማንንም ለመጉዳት አይደለም» አለ ኮሎኔሉ፣ ለአዳራሹ። «እኔ ልጅ ሆኜ ወታደር ወታደርን ‘የማን ወገን ነህ?’ ሲለው ሰምቻለሁ። አንዱ ሲጸልይ ሌላው እጁን መሣሪያው ላይ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሠራዊት የሁሉም ከሆነ የማንም አምላክ አይጠራበትም አልን። ሰላም ሆነ። አሁን ማንም ማንንም አይጠይቅም።»

ያለው ሐሰት አይመስለኝም። አይቶት ይሆናል። ነገር ግን እዚያ መቃብር ላይ ለእስላሙ የተቆረቆረው የማርያም ልጅ ነው፤ ይህ ሰው ልጅ ሆኖ ያጣው፣ ናፍቆት ደንብ ያወጣለት፣ ያ ነገር ፊቱ ቆሟል። ሲያየው ግን «ተከሳሽ» አለው። ይህን ጮክ ብዬ ልናገረው ፈልጌ ነበር። ያልተጠየቁትን መናገር አይፈቀድም ብለው በር ላይ አስጠንቅቀውኛል።

ስሜ ተጠራ። ተነሳሁ።

«የቋንቋ ምስክር፣ በእርስዎ አካባቢ ‘ይፍረድ’ የሚለው ማን ነው?»

«የተበደለ ሰው ነው ጌታዬ።»

«መቼ ነው የሚለው?»

«ዳኛ ሲያጣ ነዋ። ዳኛ ያገኘ ሰው ‘ይፍረድ’ አይልም፤ ሄዶ ይከሳል።»

ሻምበል ሰብለ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከኋላዬ የማንጠግቦሽ ትንፋሽ ይሰማኛል። ኮሎኔሉ ግን አልተቆጣም።

«ስለሚለው ሰው አይደለም የጠየቅኩት» አለ። «ሲባል፣ የሚፈርደው ማን ነው? ሸንጎ ነው ወይስ ሌላ?»

ሊያወጣን ነው በሩን የከፈተው። ገብቶኛል። «ሸንጎ ነው» ብል ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ እኔም ቃሌን እንደ ሱሪ አሳጥሬ፣ በልኩ አጥፌ፣ ተኩሼ ማስረከብ እችላለሁ፤ ሥራዬ ነው። ዞር ብዬ ማንጠግቦሽን አየኋት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደፊት አዘንብለዋል፤ መስማት ይቸግራቸዋል፣ አንዲትም ቃል እንዳታመልጣቸው ነው። ልጃቸውን ማንም አልሰማውም፤ እሳቸው ግን ለመስማት ከባቲ ድረስ መጥተዋል።

አፌን ከፈትኩ። ሣህለማርያምን አየሁት። ራሱን በጣም ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብቻ፣ ግራ ቀኝ ወዘወዘ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ቃሉ የኔ አይደለም። ባለቤቱ እዚህ ቆሟል። ሣህለማርያም ይባላል። እኔ የሰው ልብስ አሳጥሬ አበላሽቼ አውቃለሁ፤ የሰው ቃል ግን አላሳጥርም።»

ሙሉ ስሙን ስጠራ ከአዳራሹ ጥግ አንድ ነገር ተንኳኳ። ዞር አልኩ። ሙህዬ ነው። መቼ እንደገባ አላየሁትም። ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ቆሞ ወንበሩን በጣቱ አንዴ መታው። አንዴ ብቻ።

ኮሎኔሉ ውሃውን ጠጣ። ከዚያ ወደ ሣህለማርያም ዞረ፤ አባት ለልጁ እንደሚናገር ነው የተናገረው።

«አስር አለቃ ሣህል፣ እኔም እናት አለችኝ። እናትህ ከኋላ ተቀምጣለች። አልሰማሁም ብለህ እንዳትከራከረኝ ጥያቄዬን አሳጥረዋለሁ። ይህ ጉባኤ ሕጋዊ ነው፤ መፍረድ ይችላል። ‘ጉባኤው ነው’ በል፤ ምሳህን ከእናትህ ጋር ትበላለህ። ሌላ ከሆነም ስሙን ጥራና መሣሪያው ይስማህ። ይፍረድ ብለሃል። ማን ነው የሚፈርደው?»

ሣህለማርያም ወደ ኋላ ረድፍ አንድ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ሰብሳቢው ፊት የተቀመጠውን የስም ሰሌዳ ትንሽ አየው። እግሩን ገጠመ፣ እጁን ከጎኑ አደረገ፣ በደንቡ መሠረት ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ።

«እናትዎ ‘ይርዳው’ ብለው ስም ሲያወጡልዎ የለመኑት ነው፣ ጌታዬ።»